የአሬራ በረዶ ለረውዳ

ልጄ ረውዳ በስሜ ነው የምትጠራኝ። «ፋኢዛ» ትለኛለች፣ ጥርት አድርጋ፣ ጎረቤቷን እንደምትጠራ። እማ የምትላት እናቴን ነው። እኔም እናቴን እማ ነው የምላት፤ ስለዚህ ደሴ እናቴ ቤት ስንገናኝ ሁለታችንም አንዲቷን ሴት እማ፣ እማ ስንል እንውላለን። ሰው ቢሰማን እኅትማማቾች ነው የምንመስለው። አንዳንዴ ያስቀኛል። ብዙውን ጊዜ ግን አያስቀኝም።

ማንንም ልወቅስ አይደለም፤ ልወቅስ ብነሳ ከማን እንደምጀምር አላውቅም። ባሌ ሙንዚር ፈትቶኝ ሌላ ሲያገባ ረውዳ ገና ጥርስ ማብቀል መጀመሯ ነበር። ጡት አስጥዬ፣ ለእማ ሰጥቼ፣ ጅዳ ሄድኩ። የወሎ ልጅ ሲጨንቃት የት እንደምትሄድ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሁለት ዓመት ብዬ የወጣሁት ስድስት ሆነ። በመሃል ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እማ ልጄን አዝላ በእግሯ እስከ ደጋን ወረደች። እኔ ያን ጊዜ የሰው ቤት ወለል እየወለወልኩ የማይነሳ ስልክ እደውል ነበር። ልጄን ያዘላት ጀርባ የእማ ነው። ይህን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ልብን አያሳርፍም።

አምና ተመለስኩ። ሻንጣዬን ከመኪና ሳወርድ ረውዳ ከእማ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ በአንድ ዓይኗ ታየኝ ነበር። ያመጣሁላትን አሻንጉሊት ተቀብላ፣ እጄን ስማ፣ ተመልሳ ቀሚሱ ኋላ ገባች። ትለምደኛለች አልኩ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ፣ ሁለት አልጋ አስገባሁ፣ ፍሪጅ ገዛሁ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደሴ ወጥቼ እማን ልጄን ስጪኝ አልኳት። እኔና እማ ዕድሜ ልካችንን ስንጨቃጨቅ የኖርን ነን፤ ያን ቀን ግን አልጮኸችም።

«ልጅሽ ናት» አለች። «ውሰጃት። ክረምቱን አንቺ ዘንድ ትክረም። ኸወደደች እዚያው ትመዝገብ፣ እዚያው ትማር። ኻልወደደች ግን በአላህ ይዤሻለሁ፣ ልጅቱን እንዳታስገድጃት።»

«እሺ» አልኳት። የስምንት ዓመት ልጅ ልብ በአንድ ክረምት ይገኛል ብዬ አሰብኩ። ምን ላድርግ፤ ሌላ የተሰጠኝ ጊዜ አልነበረም።

ረውዳ ኮምቦልቻ የመጣችው እንግዳ ሆና ነው። ብታለቅስ፣ ብትረብሽ፣ ሳህን ብትሰብርብኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሷ ግን እማ አሳምራ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ጠዋት ተነስታ የተኛችበትን አንሶላ አጥፋ ታስቀምጣለች። ውሃ ሲጠማት «ፋኢዛ፣ ውሃ ልጠጣ?» ትላለች። ምግብ ሳቀርብላት ትንሽ ትጎርስና «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» ብላ እጇን ትሰበስባለች፤ ሳልለምናት አትደግምም። አንድ ቀን ፀጉሯን ጎንጉኜላት ስጨርስ ዞር ብላ «አደከምኩሽ» አለችኝ። ከገዛ ልጁ አፍ አደከምኩሽ መባል ምን እንደሚመስል የማያውቀውን ሰው አላህ አያሳውቀው።

ሙቀቱም አላገዘኝም። የደሴ ብርድ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ጉንጯ ቀልቶ፣ ግንባሯ ወዝቶ፣ ጠዋትም ከሰዓትም ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ጥላ ፈልጋ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ጎኗ ተቀምጬ ሳይ ለካ ከዚያች ቦታ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ይታያል። ሚኒባሶቹ ሲያልፉ ዓይኗ አብሯቸው ይሄዳል።

ግቢው ውስጥ ጎረቤቴ ብዙዬ ናት፤ ፋብሪካም አብረን ነው የምንሠራው። ምላሷ አያርፍም እንጂ ቅን ሰው ናት።

«ይቺ ልጅ እናቷ ዘንድ የመጣች ሳይሆን ቢሮ ጉዳይ ልታስፈጽም የመጣች ነው የምትመስለው» አለችኝ አንድ ቀን። ሳቅ ብዬ አለፍኳት።

አንድ መላ ነበረኝ። ጅዳ ያሳደግኳቸው ሦስት ልጆች ነበሩ። እነሱ ዘንድ ለበን የሚባል አለ፤ የኛው አሬራ ማለት ነው፣ ቅቤው ወጥቶ የሚቀረው። የነሱ ግን በካርቶን የሚሸጥ፣ ጭስ የሚባል ነገር የማያውቅ ነው። እሱን ከስኳር ውሃና ከሎሚ ጋር አዋህጄ፣ አቀዝቅዤ፣ በሹካ ፍቄ በረዶ እሠራላቸው ነበር። ልጆቹ ለሱ ሲሉ ከኔ ቀሚስ አይላቀቁም ነበር። ትንሿ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና እንኳ እጇን ወደኔ ትዘረጋለች። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። እናቲቱ ምን ይሰማት እንደነበር ያሰብኩት ከመጣሁ በኋላ ነው።

የሰው ልጆችን በዚህ ካባበልኩ የራሴን አላጣትም ብዬ ከሱቅ የታሸገ እርጎ ገዛሁ። አቀጠንኩት፣ አጣፈጥኩት፣ ሠራሁት። ነጭ፣ ሸጋ በረዶ ወጣ። ረውዳ በማንኪያ ጫፍ አነሳች፣ አፏ ውስጥ ያዘችው፣ ዋጠችው።

«ጥሩ ነው» አለች። ሁለተኛ አላነሳችም። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በረዶው ውሃ እስኪሆን ጠበቀች፤ ከዚያ ቧንቧው ሥር ወስዳ አፍስሳ፣ ሳህኑን አጥባ መለሰችልኝ።

ብዙዬ ትሪው ላይ የተረፈውን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ሳሙና ሳሙና ይላል» አለች። «ምን ታድርግ ልጅቱ? በወይራ በታጠነ ቅል አሬራ ስትጠጣ ያደገችን ልጅ አንቺ የላስቲክ እርጎ ትሰጫታለሽ።»

እውነቷን ነው። በማግስቱ ፈረቃዬን ለወጥኩና ረውዳን ለብዙዬ ትቼ ደሴ ወጣሁ። ልጅቱ አብራኝ መምጣት እንደፈለገች ዓይኗ ይናገር ነበር። በአፏ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። እዚያ ከደረሰች አትመለስም ብዬ ፈራሁ።

እማን ጦሳ ተራራ ሥር ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቅሉን መሬት አስተኝታ ወዲያና ወዲህ ስትገፋ አገኘኋት። ቀኑ ጉም ነበር፣ ጋቢ ደርባለች። ቅሉን ትታ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ያለውን ነው።

«ረውዳስ?»

«ደኅና ናት እማ። ጎረቤቴ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት።»

«ታለቅሳለች?»

«አታለቅስም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷን ወደ ቅሉ መለሰችና መግፋቷን ቀጠለች። ቅቤው እስኪወጣ አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

«አሬራ ፈልጌ ነው» አልኳት በመጨረሻ። «በረዶ ልሠራላት።»

«በረዶ?» እጇ ቆመ። «ኧረ በአላህ! ልጅቱን በብርድ ልትጨርሻት ነው? ደሴ ላይ ኸሰማይ እየወረደ ማንም አይበላውም፣ አንቺ መኪና ተሳፍረሽ ልትሠሪው መጣሽ?»

«ኮምቦልቻ እኮ ሙቀት ነው እማ።»

«ሙቀት ቢሆንስ! ጉሮሮዋ ቢያብጥስ!»

እያጉረመረመች ተነሳች። መጀመሪያ የታጠበ ጀሪካን አመጣች። ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ጀሪካኑን አስቀመጠችና ትንሽ ቅል አወጣች፤ የወይራ እንጨት ለኩሳ ታጥነው ጀመር። ጀሪካኑ ይበቃል ብላት አልሰማችኝም። ለረውዳ የሚሄድ ነገር በጀሪካን አይሄድም።

«አንቺ የሄድሽ ሰሞን» አለች ጭሱ ዓይኗን እያስነባው፣ «ምንም አልቀበል አለችኝ። ወተት ብላት እንቢ፣ አጥሚት ብላት እንቢ። ኸማልቀስ ብዛት ድምጿ ተዘጋ። ትሞትብኛለች ብዬ ነበር፣ ወላሂ። ኋላ ጣቴን አሬራ ውስጥ ነክሬ አፏ ላይ አደረግኩት። ያዘችው። ኸዚያ ወዲያ የኔ ጣት ጡቷ ሆነ።»

ሰማኋት። የሚገባኝን ያህል ግን አልሰማኋትም። ልቤ ሎሚው ላይ ነበር፣ ስኳሩ ላይ፣ ሚኒባሱ ላይ። ቅሉን በሻርፔ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር፤ ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ምን እንደያዝኩ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

ስኳሩን በውሃ አፈላሁት፣ የሎሚ ልጣጭ ጣልኩበት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ትኩሱ ከአሬራው ጋር ከተገናኘ ይቆራረጣል፤ ይህን ጅዳ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ሎሚውን ጨመቅኩ፣ ጨው ቆንጠር አደረግኩ፣ አሬራውን በቀስታ አፈሰስኩ። ዝርግ ትሪ ላይ ገልብጬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ዳር ዳሩ ሲይዝ አውጥቶ በሹካ መፋቅ ነው፤ መመለስ፣ ደግሞ ማውጣት፣ ደግሞ መፋቅ። ካልተፋቀ ድንጋይ ይሆናል። መብራት እንዳይጠፋ አላህን እየለመንኩ ነበር። አንዴ ድርግም ሲል ብዙዬ ከክፍሏ ሆና «ኧረ ዛሬን ማሩን!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ተመለሰ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስፍቅ ረውዳ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ትሪው ጠጋ አደረገች። ሹካውን ሰጠኋት፣ ፋቀች። እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት እጄን እጇ ላይ አደረግኩ፤ እጇን አላሸሸችም። ትንሽ፣ ቀዝቃዛ እጅ ነበረች። ከሚያስፈልገው በላይ ፋቅን።

የዐስርን ሶላት ሰግጄ ስጨርስ ሦስታችንም ደጃፍ ላይ ሳህን ሳህናችንን ይዘን ተቀመጥን። ረውዳ አንድ ማንኪያ ወሰደችና ቆም አለች። ከዚያ ሁለተኛ ወሰደች። ሦስተኛ። ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ ላሰችና ዘረጋችልኝ።

«ጨምሪልኝ» አለች።

በቃ፣ ጨምሪልኝ ብቻ። እባክሽ የለ፣ አስቸገርኩሽ የለ። ልጅ እናቷን እንደምታዘው አዘዘችኝ። ብዙዬ እልል አለች፤ ረውዳ በብዙዬ እልልታ ሳቀች። ስትስቅ ከላይ አንድ ጥርሷ መውለቁን አየሁ። ስንት ጊዜ አብረን ስንበላ ከርመን ልጄ የወለቀ ጥርስ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የጨመርኩላትን ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ክብደቷ ጭኔ ላይ ሲያርፍ በሐሳቤ ትምህርት ቤት አስመዘገብኳት፣ ዩኒፎርም አሰፋሁላት፣ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ ሸኘኋት። ለክፍል ጓደኞቿ እናቴ ናት ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ማንኪያው ቆመ። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ሲወርድ አየሁ። ድምፅ አልነበረውም።

«ምነው? ጥርስሽን አመመሽ?»

አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ቀዘቀዘሽ?»

«እማ እማ ይላል» አለች።

«ምኑ?»

«በረዶው። እማ እማ ይላል።» ከዚያ ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀብራ ተንሰቀሰቀች። ከመጣች ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ ነው ያወጣችው። «ወደ እማ ውሰጂኝ። ፋኢዛ፣ በአላህ ወደ እማ ውሰጂኝ።»

ብዙዬ ተነስታ ገባች። እኔ ግን ተናደድኩ፣ ምን ይደበቃል። በማን እንደተናደድኩ እንጃ።

«እናትሽ እኮ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ!»

ረውዳ ማልቀሷን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። አልፈራችኝም። ያዘነችልኝ መሰለኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ነሽ የወለድሽኝ። እማ ሁልጊዜ ነው የምትነግረኝ። ሰግዳ ስትጨርስ ዱዓ የምታደርገውም ላንቺ ነው።» በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ግን እማ ናፈቀችኝ።»

ብትጠላኝ እታገል ነበር። ያልጠላችኝን ልጅ በምን እታገላታለሁ? ያባበልኳት በእማ አሬራ፣ በእማ ቅል፣ በእማ ወይራ ነው። ልጄ አፍ ከገባው ውስጥ የኔ የምለው ስኳሩና ሎሚው ብቻ ነበር።

ክረምቱ ገና ነበር። ብዙዬ ማታ መጥታ «ልጅ እኮ ይለምዳል፣ ትንሽ ታገሺ» አለችኝ። እኔም ለራሴ ስለው የከረምኩት ይህንኑ ነው። ግን ረውዳ አንዴ ለምዳለች። ከጡት ስነጥላት አልቅሳ፣ ድምጿ ተዘግቶ፣ በጣት ለምዳለች። አሁን ደግሞ ከዚያች ጣት ልነጥላት እጄ እንቢ አለኝ። ማንም ደግ እንዳይለኝ፤ ደግነት አይደለም። አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን ሰብስበን ተነሳን። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ረውዳ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ አፏን ከፍታ፣ ልብሴን በምራቋ አርሳ፣ የልቧን ተኛች። ብርዱ ሲጀምር ሻርፔን አለበስኳት። መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ሹፌሩ ግን ቸኩሎ ነበር፣ ቶሎ ደረስን።

እማ በር ላይ ነበረች። ረውዳ እጄን ለቅቃ ሮጣ ሆዷ ላይ ስትላተም አሮጊቷ ተንገዳግዳ ግድግዳ ያዘች። ከልጅቱ ራስ በላይ አየችኝ። ደስታዋን ልትደብቀኝ ስትሞክር አቃታት።

«ምነው? ታመመች?»

«ናፈቅሻት።»

«አፉ በይኝ ፋኢዛ» አለች። «ይቅር በይኝ ልጄ። እኔ አልከለከልኩሽም። ሂጂ፣ እናትሽ ናት ብዬ ነው የላክኋት።»

«አውቃለሁ እማ። ምንም አላጠፋሽም። እዚሁ ትማር።»

«አብሽሪ» አለች። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ።» የኛ ሰው ሌላ የሚለው ሲጠፋው እሱን ነው የሚለው። እኔም አብሽሬያለሁ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ምሳ በላን። ረውዳ ሳትለመን ሁለት ጊዜ አስጨመረች፣ ወጥ ልብሷ ላይ አፈሰሰች፣ እማ ተቆጣቻት፣ ሳቀች። ይህቺን ልጅ ኮምቦልቻ አላየኋትም።

ልሄድ ስነሳ እማ እጄን ያዘችኝ። «ያለ ዱዓ አትወጪም፣ መንገደኛ ነሽ» አለችና ረውዳን ጠራቻት። «ነይ፣ አንቺ ሕፃን ነሽ፣ ያንቺን አላህ ይሰማዋል። ለፋኢዛ ዱዓ አድርጊላት።» እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ዱዓውን ለሱ ይሰጡታል፤ ሌላው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

ሦስታችንም ቁጭ ብለን እጃችንን ዘረጋን። ረውዳ እንደ ትልቅ ሴት ኮስተር አለች።

«ያ አላህ፣ ፋኢዛን በሰላም አግባት።»

«አሚን» አልን።

«ሥራዋን አሳምርላት።»

«አሚን።»

«ኸክፉ ነገር ጠብቃት።»

«አሚን።»

የምታውቀው ያለቀባት መሰለኝ፣ ቆመች። እጆቿን እንደዘረጋች ዞር ብላ አየችኝ። ምን እንደሚጎድለኝ ከልቧ ታስብልኝ ነበር፤ ያስታውቃል። ከዚያ ያገኘችው መሰለኝ፣ ፊቷ ፈካ አለ።

«ያ አላህ፣ ለፋኢዛ ልጅ ስጣት» አለች። «ብቻዋን ናት።»

እማ እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። ረውዳ እጇን አላወረደችም፤ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየች አሚን እስክንል ትጠብቅ ነበር።

«አሚን» አልኩ።